የሦስት ፈረሶች ቀለብ

ቦራ የሚባለው ፈረስ የሞተው እኔ ጋጣው በር ላይ ቆሜ እያየሁት ነው። ሁለቱ ጓደኞቹ እኔ ሳልደርስ ሞተዋል። እሱ ግን በላብ ተነክሮ፣ የኋላ እግሮቹ እየተብረከረኩ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። መጀመሪያ በጉልበቱ ወረደ፤ ከዚያ በጎኑ ተዘረረ። በሃያ ሁለት ዓመት የፖሊስ ሥራዬ ብዙ ሬሳ አይቻለሁ፤ ፈረስ ሲሞት ግን አይቼ አላውቅም ነበር።

ይህን የምጽፈው ጉዳዩን በብልሃት ስለፈታሁት አይደለም። መጀመሪያ አበላሽቼው ነው የተፈታው፤ እስካሁንም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

ግቢው ሰዎች ፈረሳቸውን በወር ክፍያ የሚያሳድሩበት ነው። አሥራ ሁለት ጋጣ፣ የመኖ መጋዘን፣ የድርቆሽ ክምር፣ ፋንድያ የሚጠራቀምበት ጥግ አለው፤ የኋላ አጥሩ ግማሹ ፈርሷል። ባለግቢዋ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ቦቲ ጫማ አጥልቀው፣ ባዶ ባልዲ በሁለት እጃቸው ታቅፈው ቆመዋል።

«ፈረሶቹን የሚያበላቸው ማን ነው?» አልኳቸው።

«እኔው ነኝ። ጠባቂውን ካሰናበትኩት ሁለት ሳምንት ሆነኝ።»

«ለምን አሰናበቱት?»

ባልዲውን መሬት አስቀመጡ። የሻርፓቸውን ጫፍ ጣታቸው ላይ ጠመጠሙት፤ ፈቱት።

«እህል... ይሰርቅ ነበር» አሉ መሬት መሬት እያዩ።

ኀዘን መሰለኝ። የጠባቂውን ስም ስጠይቃቸው ደንበኞቹ ሁሉ «ቀማሽ» እንደሚሉት ነገሩኝ። ለምን እንዲህ እንደሚሉት አልጠየቅኩም። መርማሪ ነኝ ባይ!

ከግቢው ሳልወጣ አለቃዬ ደወለ። ለካ ቦራ የልጁ ፈረስ ኖሯል።

«ልጄ እህል አልቀምስ ብላለች» አለኝ። «እስከ ዓርብ ሰው እፈልጋለሁ።»

ሰው እፈልጋለሁ አለ እንጂ እውነቱን እፈልጋለሁ አላለም። ልዩነቱ ያኔም ገብቶኛል፤ እንዳልገባኝ ሆንኩ።

መጀመሪያ የጠረጠርነው ጎረቤት የሆነውን ባለጋራዥ ነው። ፋንድያው ይሸታል፣ ዝንቡ ምሳ አላስበላ አለኝ እያለ ከባለግቢዋ ጋር ሲጨቃጨቅ የኖረ ሰው ነው፤ «አንድ ቀን ሁሉንም አጠፋቸዋለሁ» ሲል የሰሙት ብዙ ናቸው። እኔና ረዳቴ ቤቱ ስንሄድ አልጋ ላይ ተኝቶ አገኘነው። ረዳቴ ሥራ ከጀመረች ገና ሁለት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ግን የሃያ ዓመት ነው።

«ትርፍ አንጀቴን ካወጡኝ ዛሬ ስምንተኛ ቀኔ ነው» አለ ሰውዬው ሸሚዙን ገልቦ። «ከሆስፒታል የወጣሁት ትናንት ማታ ነው። ፈረስ ልግደል ብል እንኳ በምን ጉልበቴ?»

«ቢያንስ ዝንቡ አሁን ይቀንስልሃል» አለችው ረዳቴ።

«አይዞሽ፣ እኒያን ሴትዮ ብጣላቸውም እንዲህ ያለ ነገር አልመኝላቸውም» አለ። ፊቱ ላይ ያየሁት ከልብ የሆነ ኀዘን ነበር። ሆስፒታሉ ስንደውልም ቃሉ ልክ ሆኖ ተገኘ።

በሦስተኛው ቀን የእንስሳት ሐኪሙ የምርመራውን ውጤት ይዞ ጠራኝ።

«መርዝ ነው?» አልኩት።

«መድኃኒትም መርዝም ነው። ዶሮ አንጀቷን እንዳትታመም መኖዋ ውስጥ የሚቀላቅሉት ነገር አለ። ዶሮዋን ይጠብቃታል፤ ፈረስ ከበላው ልቡን ያቆመዋል።»

«ስለዚህ አንድ ሰው የዶሮ መኖ አብልቷቸዋል።»

«አብልቷቸዋል» አለና ሊቀጥል አፉን ከፈተ። እኔ ግን ኮፍያዬን አንስቼ በር ላይ ደርሻለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ደግሞ ያፈሰስኩትን እንኳ ዞሬ አላየሁም።

በቀጥታ ወደ ባለግቢዋ ሄድኩና የሞቱት በዶሮ መኖ እንደሆነ ነገርኳቸው። ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

«ለዚህ ግቢ ቅርብ ከሆኑ ሰዎች ዶሮ የሚያረባ ያውቃሉ?»

ከጋጣዎቹ በአንዱ ያለ ፈረስ ገንዳውን በሰኮናው ይመታል።

«ቀማሽ...» አሉ በመጨረሻ፤ ድምፃቸው በጭንቅ ይሰማ ነበር። «ቤቱ ጥቂት ዶሮዎች አሉት።»

ሌላ ምን ያስፈልገኛል? በስርቆት የተባረረ፣ ቂም የቋጠረ፣ ዶሮ የሚያረባ ሰው! ጋጣው ደግሞ በፈረሰ አጥር አጠገብ ነው። ሐሙስ ነበር፤ አለቃዬ የሰጠኝ ቀን ዓርብ ነው።

የቀማሽ ቤት ከግቢው በእግር ሃያ ደቂቃ በሚያስኬድ ጠባብ መንገድ ዳር ነው። የደረስነው ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ ሴቶች የሰጡትን ልብስ ሲያነሱ ነው። ያለምንም ምክንያት የመኪናችንን የፖሊስ መብራት አብርተን ገባን፤ መንደሩ ሁሉ ተከትሎን መጣ።

ቀማሽ የእኔ እኩያ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ቀጭን ሰው ነው። ከዶሮ ቤቱ ጎን አፉ የተፈታ ጆንያ አገኘን።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የዶሮ መኖ ነው፣ ጌታዬ።»

«ግማሹ የት ሄደ?»

«ዶሮዎቹ በሉታ።»

«ፈረሶቹም ሳይቀማመሱ አልቀሩም!» አልኩ ጮክ ብዬ።

በር ላይ የተሰበሰበው ጎረቤት ሳቀ። ሳቃቸው ደስ አለኝ። ይህን ትቼው ማለፍ እችል ነበር፤ ግን ደስ ብሎኛል።

ሚስቱ ወደ እኔ ተጠጋች። «እባክዎ ጌታዬ፣ ካቴናውን መኪና ውስጥ ያድርጉለት። ልጆቹ እያዩ ነው።»

«እሱ ነበር ቀድሞ ለልጆቹ ማሰብ የነበረበት» ብዬ እዚያው ግቢው መሃል አሰርኩት። ትልቋ ልጅ የደብተር ቦርሳዋን እንዳነገተች ቆማ ታይ ነበር።

ጣቢያ አስቀምጬ መረመርኩት።

«ባለፈው ሳምንት የት ነበርክ?»

«ቀን ብሎኬት ማምረቻ፤ ሲመሽ ቤቴ።»

«ማን ይመሰክርልሃል?»

«ለማታው ሚስቴ።»

«ሚስትህማ ምን ትበል! እህሉን ለምን ሰረቅክ?»

ቀና አለ። «ሰረቀ አሉኝ? እትዬ ናቸው ያሉት?»

«አዎ፣ እሳቸው።»

አንገቱን ደፋ። «እሳቸው ካሉ እንግዲህ...» አለና ተወው። እኔ መዝገቡ ላይ «አልካደም» ብዬ ጻፍኩ።

«ጌታዬ፣ ዳማስ ደህና ነው?» አለኝ ትንሽ ቆይቶ። «ያ ሰኮናውን የሚያመው ፈረስ።»

«የገደልካቸው አልበቁህም?» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት። ደንግጦ እጆቹን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ። ያን ያህል ትልቅ እጅ ያለው ሰው እንደ ልጅ ሲደነግጥ ማየት ደስ አይልም፤ ያኔ ግን ጥፋተኛ ስለሆነ ነው አልኩ።

ኮሪደር ላይ ረዳቴ ጠበቀችኝ። «ጌታዬ፣ ሌሎቹ ዘጠኙ ለምን አልሞቱም?»

«አጥሩ አጠገብ ያሉት አራት ጋጣዎች ናቸው። እነሱን ነው ያገኘው።»

«ከአራቱ ሦስት ነው የሞቱት። አራተኛውስ?»

«ጊዜ አጥሮት ይሆናል።»

ቅንድቧን ከፍ አድርጋ ሄደች። በማግስቱ አለቃዬ በሰው ፊት እጄን ጨበጠኝ። ጥያቄዋ እንደ ጠጠር ጫማዬ ውስጥ ገብቷል፤ የተጨበጠ እጅ ግን ጫማ አያስወልቅም። ሁለት ቀን እያነከስኩ ዋልኩ።

ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ከቢሮዬ መስኮት ባለግቢዋን አየኋቸው። በጨርቅ የተቋጠረ ሳህን ይዘው የጣቢያው በር ላይ ተሰልፈዋል።

«ለማን ነው?» አልኳት ረዳቴን።

«ለቀማሽ። ከታሰረ ጀምሮ በየቀኑ ምሳ ያመጡለታል።»

«ደግ ሴት ናቸው።»

«ፈረሶቻቸውን ለገደለባቸው ሰው?» አለች። «ያውም ምሳውን በር ላይ ላለው ፖሊስ ሰጥተው ይሮጣሉ እንጂ አንድ ቀን ላግኘው አላሉም። እኔ እንዲህ ያለ ደግነት አይቼ አላውቅም፣ ጌታዬ። ዕዳ እንጂ ደግነት አይመስልም።»

ስልኩን አነሳሁና የእንስሳት ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። ከአራት ቀን በፊት ልጠይቀው የሚገባኝን ጠየቅኩት።

«አንድ ፈረስ ለመግደል ስንት ኪሎ የዶሮ መኖ ያስፈልጋል?»

«ያን ዕለት ይህን ልነግርህ ስል ነው የወጣኸው» አለ። «ስምንት፣ አሥር ኪሎ። ያውም በአንድ ጊዜ አይበላውም፤ ከሌላ እህል ጋር ተደባልቆ፣ በሁለት ሦስት ቀን።»

ለሦስት ፈረስ ሠላሳ ኪሎ ሊሆን ነው። አንድ ሰው ሠላሳ ኪሎ ተሸክሞ፣ ለሦስት ቀን፣ ጠዋትና ማታ፣ በፈረሰ አጥር እየዘለለ፣ ማንም ሳያየው ከባልዲ ጋር እየደባለቀ ሊያበላ? መኖው የገባው በአጥር አልነበረም። በበር ነው።

ወደ ግቢው ስንሄድ ባለግቢዋ ገና አልተመለሱም። አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት የገዛ ፈረሳቸውን እየቦረሹ ነበር። ግድግዳው ላይ በጠመኔ የተጻፈ ሰሌዳ አለ፤ ከየፈረሱ ስም ጎን «ሙሉ» ወይም «በራስ» ይላል። ሦስት ጊዜ በአጠገቡ አልፌ አንብቤው አላውቅም።

«ይሄ ምን ማለት ነው?» አልኳቸው።

«ሙሉ ማለት ሙሉ ቀለብ ነው፤ ግቢው ያበላል፣ ያጠጣል፣ ጋጣ ያጸዳል። ክፍያው ይከብዳል። እንደ እኔ አቅም የሌለው ጋጣውን ብቻ ተከራይቶ፣ እህሉን ከቤቱ አምጥቶ ጠዋትና ማታ ራሱ ያበላል።»

ሙሉ የሚለው ከአራት ፈረሶች ጎን ነው። ሦስቱ ሞተዋል።

«አራቱም ለምን አጥሩ ጋ ሆኑ?»

«አጥሩ ጋ መች ሆኑ? መኖ መጋዘኑ ጋ ነው እንጂ! ባልዲ ይዞ ላለመንከራተት ነው።»

«ዳማ ለምን ተረፈ?»

«ሰኮናው ስለታመመ ሐኪሙ እህል ከልክሎታል። ድርቆሽ ብቻ ነው የሚበላው፣ ምስኪን።» ብሩሹን ባልዲ ውስጥ ጣሉት። «ቀማሽ ቢኖር ይህ ሁሉ ባልሆነ።»

«ለምን ቀማሽ ትሉታላችሁ?»

«ከየባልዲው አንድ እፍኝ አፉ ውስጥ ሳይከት ለፈረስ አይሰጥም ነበራ። ሻጋታውንም አቧራውንም በምላሱ ያውቃል። እኛ እንስቅበት ነበር።» ቀና ብለው አዩኝ። «አሁን የሚያስቅ አልሆነም።»

ረዳቴ ወደ መኪናው ቀድማኝ ሄደች። ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

መኖ ሻጩ ከዋናው መንገድ ማዶ ነው። ሆዱ ከባንኮኒው ቀድሞ ደንበኛ የሚቀበል፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው።

«እትዬ? እንዴታ፣ የቆዩ ደንበኛዬ ናቸው! ድሮ አጃና ገብስ በጭነት ነበር የሚወስዱት። አሁን ኑሮው... ባለፈው የዶሮ መኖ ሁለት ጆንያ ወሰዱ። እሱ ረከስ ይላል። ዶሮ ጀመሩ ብዬ ደስ አለኝ።»

በግቢው አንዲት ዶሮ የለችም።

ባለግቢዋን መኖ መጋዘኑ ውስጥ አገኘናቸው። ባዶ በርሜል ላይ ተቀምጠዋል። ገና ከበሩ ስንገባ ፊታችንን አይተው አወቁ፤ አልሸሹም፣ አልካዱም።

«ዘገዩ እኮ» አሉ። «በየቀኑ ይመጣሉ እያልኩ ነበር።»

«የዶሮ መኖ እንደሚገድላቸው ያውቁ ነበር?»

«በልጄ ሞት አላውቅም!» አሉ። «እህል እህል ነው ብዬ ነው። ድርቆሽ በአንድ ዓመት እጥፍ ሆነ። ጭድ ተወደደ። ጫማ የሚመታው በየስድስት ሳምንቱ ይመጣል፤ ፈረሱ ቢጋለብም ባይጋለብም ሰኮናው ያድጋል። ፋንድያ የሚጭነው መኪና እንኳ ያስከፍላል። አጥሩ ፈረሰ፣ ማሠሪያ የለኝም።»

«ክፍያ አይጨምሩም ነበር?»

«ባሌ ሰው ፊት ገንዘብ አንሶኛል ብሎ አያውቅም። እኔ ደንበኞቹን ሰብስቤ ቸገረኝ ልበል? አፈርኩ። ገብሱን በዚህ ባበዛው ማንም አያውቅም አልኩ።»

«ቀማሽ ያውቅ ነበር።»

ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። «ይቀምስ ነበራ! እሱ እያለ እንዴት አድርጌ ልደባልቅ? አንተን አልፈልግህም፣ ደሞዝህን አልችልም ማለትም አቃተኝ። ሂድ ብቻ አልኩት። ዘጠኝ ዓመት ያገለገለኝን ሰው ለምን ሳይለኝ ኮፍያውን አንስቶ ሄደ። እርስዎ መጥተው ለምን ሲሉኝ ደግሞ ሌባ ነው አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ፤ መመለስ አቃተኝ።»

«ዶሮ አለው ያሉትስ?»

«እሱ አላመለጠኝም» አሉ ቀስ ብለው። «እሱን ዐውቄ ነው ያልኩት።»

«ሰው ሲታሰር እንኳ...»

«ሲታሰር ይበልጥ አፈርኩ። ዛሬ እናገራለሁ ብዬ ምሳውን ይዤ እመጣለሁ፤ በሩ ጋ ስደርስ ሳህኑን ሰጥቼ እሸሻለሁ። ቀኑ በጨመረ ቁጥር መናገሩ ከበደኝ። ቀድሞ ነበር እንጂ፣ ጌታዬ...»

ልገሥጻቸው ፈልጌ ተውኩት። እኔስ ያን ጠጠር ጫማዬ ውስጥ ይዤ ሁለት ቀን ሙሉ ዝም አላልኩም? እሳቸው ያፈሩት ቸገረኝ ማለትን ነው። እኔ ግን ተሳሳትኩ ማለትን። ረዳቴ ክንዳቸውን ደግፋ ወደ መኪናው ወሰደቻቸው፤ እኔ እነዚያ ባዶ ጋጣዎች ፊት ትንሽ ቆየሁ።

አለቃዬ ሰምቶ ሲጨርስ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለ።

«ጠባቂውን ልቀቀው» አለ። «ግን በጸጥታ። ወሬ አታብዛ።»

ወሬ ማብዛቱን እኔም አልፈለግኩትም። እስር ቤቱን ራሴ ከፈትኩ።

«ነጻ ነዎት» አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ አልኩት። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ እኔ ያጠፋሁትን ግን ቶሎ ቶሎ አለፍኩት።

ሰምቶኝ ተነሳ። «እትዬ የት ናቸው?»

«እዚሁ ናቸው። ቃላቸውን እየሰጡ ነው።»

«ፈረሶቹንስ ማን ያበላል?»

«ደንበኞቹ ተራ ገብተዋል።»

«ዳማን እህል እንዳይሰጡት ይንገሩልኝ። አዝነውለት ይሰጡታል።»

በኮሪደሩ ስናልፍ ባለግቢዋ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር። እሱን ሲያዩ ወደ ግድግዳው ዞሩ። «እትዬ» አለ። እንደዞሩ ቀሩ። «ምሳው ደርሶኛል» ብሎ ወጣ።

እኔ ግን ወዲያው አልወሰድኩትም። የሚፈረም ወረቀት አለ አልኩ፤ ሹፌሩ አልመጣም አልኩ። ወረቀቱ አንድ ገጽ ነበር፤ ሹፌሩም ግቢው ውስጥ ቁጭ ብሏል። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ መብራታችንን ሳናበራ ወደዚያ ጠባብ መንገድ ገባን። መንደሩ በሩን ዘግቷል። ማንም አላየንም።

ሚስቱ በሩን ከፈተች። ባሏን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ ለቀቀችውና ወደ እኔ ዞረች።

«ነጻ ነው?»

«ነጻ ነው። ምንም ጥፋት የለበትም። ይቅርታ...»

«ስትወስደው በጠራራ ፀሐይ ነበር» አለች። ያኔ እርስዎ እያለች የለመነችኝ ሴት ናት። «መብራትህን አብርተህ፣ መንደሩን ሰብስበህ፣ አስቀህበት። ልጄ ከዚያ ቀን ወዲህ ትምህርት ቤት አልሄደችም። አሁን በጨለማ ታመጣልኛለህ? የተሰረቀ ዕቃ ነው እንዴ?»

መብራቱ ወዳልበራው መኪናችን ዞሬ አየሁ።

«መልሰው» አለች። «ነገ ባሰርክበት ሰዓት አምጣው።»

ረዳቴን አየኋት፤ እሷ መሬት ታያለች። ቀማሽን አየሁት። የገዛ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ከውስጥ የልጆቹ ድምፅ እየተሰማው፣ ትንሽ አሰበ።

«ልክ ናት» አለና መኪናው ውስጥ ተመልሶ ገባ።

ያን ሌሊት እሱ ቢሮዬ ሶፋ ላይ ተኛ፤ እኔ ወንበር ላይ።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራቱን አብርተን ገባን። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይመለሳሉ፣ ሴቶቹ ልብስ ያነሳሉ። ሰው ተሰበሰበ። ያኔ የሳቁት ሁሉ አሉ፤ «እኛ እኮ ዐውቀን ነበር» የሚል ሹክሹክታም ከወዲሁ ጀምሯል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ትልቋ ልጅ በሩ ላይ ከእናቷ ጎን ቆማለች። ከመኪናው ወርጄ ኮፍያዬን አወለቅኩ።

«ይህ ሰው ፈረስ አልገደለም» አልኩ። «አልሰረቀምም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ድምፄ ቀጥኖ ነበር። ከኋላ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ «ምን አለ? አልሰማንም!» አሉ። የመጀመሪያው ሳቅ ተሰማ፤ በእኔ ነው።

«ጮክ በል» አለችኝ ሚስቱ።

ደግሜ፣ ጮክ ብዬ፣ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።